ስፒከሩን አትንቀለው

ማሙሽዬ፣ እንደምን ነህ? የአዳማ ሙቀትና ንፋስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን፣ ሐዋሳ ዝናቡ ጀምሯል። አባትህ ሰላም ብሎሃል፣ እህትህም እንደዚያው።

ትናንት በስልክ የነገርከኝ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎ ነው የምጽፍልህ። ማታ ማታ ጠረጴዛ ስር እየገባህ የስፒከሩን ገመድ ትነቅልና ሄድፎን ትሰካለህ፣ ጠዋት ደግሞ በስልክህ መብራት ቀዳዳ ስትፈልግ ትቆያለህ። ምን አለፋህ? ላስረዳህ ስል ኔትወርኩ ቆረጠን። ደግሞ እንዲህ ያለው ነገር በጽሑፍ ሲሆን ይሻላል፣ እያየህ ትሠራዋለህ።

እማዬ ከመቼ ወዲህ ነው የሳውንድ ሰው የሆነችው እንዳትል። ሱቁ ኮፒና ጽሕፈት ብቻ ይመስልሃል እንጂ ኮምፒውተሩን ታቅፎ «ድምፅ አልሰማ አለኝ» እያለ የሚመጣው ሰው ብዛቱ!

በመጀመሪያ ገመዶቹ እንደተሰኩ ይክረሙ። ከኋላ ያሉት ቀዳዳዎች ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ የተበየዱ ናቸው፣ በየቀኑ ሲነቀሉና ሲሰኩ ይላላሉ፣ ከዚያ በአንድ ጎን ብቻ መስማት ይመጣል። ያንተው 5.1፣ ማለትም አምስት ስፒከርና አንድ ሰብዊፈር (የወፍራም ድምፅ ሳጥን) ያለው ስለሆነ ሦስት ገመድ አለው፤ አረንጓዴው የፊቶቹ፣ ጥቁሩ የኋላዎቹ፣ ብርቱካናማው የመሀሉ ስፒከርና የሰብዊፈሩ ነው። አንዱን ከአንዱ ካቀያየርክ ከፊት የሚመጣው ሰው ከጀርባህ ማውራት ይጀምራል።

ሄድፎኑን ከኮምፒውተሩ ፊት ባለው ቀዳዳ ሰካው። ከዚያ ከታች በቀኝ ጥግ ያለችውን የድምፅ ምልክት ተጫን፣ ከድምፅ መጠኑ መስመር ጎን ትንሽ ቀስት አለች፣ እሷን ስትነካ ድምፅ የሚወጣባቸው ዕቃዎች ይዘረዘራሉ፣ የፈለግከውን መምረጥ ነው። ዊንዶውስ 11 ላይ ደግሞ የዊንዶውስን ቁልፍ ከኮንትሮልና ከቪ ጋር አንድ ላይ ብትጫን ዝርዝሩ ራሱ ከች ይላል።

«አይቻለሁ እማ፣ አንድ ስፒከር ብቻ ነው የሚያሳየኝ» ልትለኝ ነው አይደል? አውቃለሁ። ብዙ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው የድምፅ ቺፕ ሪልቴክ የሚባል ኩባንያ ሥራ ነው፣ እሱ ደግሞ ከፊትና ከኋላ የተሰካውን እንደ አንድ ዕቃ ይቆጥረዋል። ሄድፎን ከፊት ሲሰካ የኋላውን ዝም ያሰኘዋል፣ ሲነቀል ይመልሰዋል። ለአንዳንድ ሰው ይሄው ይበቃዋል። መነጣጠል ከፈለግክ ግን የሪልቴክን የራሱን ፕሮግራም ክፈት፣ የዕቃዎች ተጨማሪ ማስተካከያ የሚለው ውስጥ ግባና የፊቱና የኋላው መውጫ በአንድ ጊዜ ሁለት የተለያየ ድምፅ እንዲያጫውቱ የሚለውን ምረጥ። ያኔ ዝርዝሩ ላይ ሁለተኛ መውጫ ብቅ ይላል፣ እሱ ሄድፎንህ ነው። ፕሮግራሙ ከሌለህ ከማዘርቦርዱ አምራች ድረ ገጽ ላይ የሞዴልህን የድምፅ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከድምፁ ዕቃ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) አውርድ፤ ጎግል ላይ መጀመሪያ የመጣልህን ሁሉ አትጫን፣ እባክህ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ፊልም በሄድፎን ስታይ ሙዚቃው ይጮኻል፣ የሰዎቹ ንግግር ግን ከጎረቤት ቤት እንደሚመጣ ነው ብለኸኝ ነበር፣ አዲስ ሄድፎን ልግዛም አልክ። እንዳትገዛ! ሄድፎኑ ምንም አልሆነም። ባለ 5.1 ፊልም ንግግሩን በአብዛኛው የሚልከው በመሀሉ ስፒከር በኩል ነው፣ አንተ ደግሞ ኮምፒውተሩን «5.1 አለኝ» ብለህ ነግረኸዋል። እሱም አምኖህ ንግግሩን ወደ መሀሉ ስፒከር ይልካል። ሄድፎን ግን ግራና ቀኝ ብቻ ነው፣ መሀል የሚባል የለውም፣ ስለዚህ ንግግሩ መንገድ ላይ ይቀራል። የምትሰማው ወደ ግራና ቀኝ የፈሰሰውን ትራፊ ነው።

መፍትሔው፦ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሳውንድ፣ ከዚያ እስከ ታች ውረድና ሞር ሳውንድ ሴቲንግስ የሚለውን ክፈት። ፕሌይባክ የሚለው ውስጥ ስፒከሩን ምረጥና ኮንፊገር በለው። ለሄድፎን ስቴሪዮ (ግራና ቀኝ ብቻ)፣ ለስፒከሮቹ 5.1። ስቴሪዮ ሲሆን ኮምፒውተሩ የመሀሉን ድምፅ ለግራውና ለቀኙ ያካፍለዋል፣ ንግግሩም ይመለሳል። ሁለቱን መውጫዎች ከነጣጠልክ ደግሞ ይሄን አንድ ጊዜ አስተካክለህ ትረሳዋለህ፣ ስፒከሩ 5.1 ሆኖ ይቀመጣል፣ ሄድፎኑ ስቴሪዮ ሆኖ ይቀመጣል፣ ያንተ ሥራ መምረጥ ብቻ ነው። ሄድፎን ላይ የዙሪያ ድምፅ ካማረህ ዊንዶውስ ሶኒክ የሚባል በነጻ አብሮ የሚመጣ ነገር አለ። ለጌም ጥሩ ነው ይላሉ፣ እኔ ለዘፈን አልወደድኩትም፣ ድምፁን ያርቀዋል።

አንዳንድ ፕሮግራም ግትር ነው። አንተ ወደ ሄድፎን ቀይረህ እሱ ስፒከሩ ላይ ሙጭጭ ይላል። ዘግተህ ስትከፍተው ብዙ ጊዜ ይታረማል፣ ካልሆነ ቮልዩም ሚክሰር ውስጥ ግባና ለዚያ ፕሮግራም ብቻ የድምፅ መውጫ ምረጥለት። ይሄን ከያዝከው ሌላም ጥቅም አለው፣ ዘፈኑን በስፒከር፣ ስብሰባውን በሄድፎን ማድረግ ትችላለህ። ዙም ደግሞ የራሱ ምርጫ ስላለው እዚያው ውስጥ ማየት አለብህ፣ ያለዚያ አለቃህ በሰብዊፈር ያወራሃል!

መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ድምፁ ጭራሽ ጠፋ ያልከው ሞኒተሩ ይመስለኛል። በኤችዲኤምአይ የተገናኘ ሞኒተር ስፒከር ባይኖረውም ዝርዝሩ ላይ የድምፅ መውጫ ሆኖ ሊገባ ይችላል፣ ዊንዶውስም አንዳንዴ ዘሎ እሱን ይመርጣል። ፕሌይባክ ውስጥ ሞኒተሩን በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ተጫንና ዲሴብል በለው፣ ይገላግልሃል።

በድምፁ የሚያማርሩትን የአከራይህን ነገር ደግሞ እንነጋገር። እሳቸው ክፉ ሆነው አይደለም። ቀጭን ድምፅ ግድግዳ ይይዘዋል፣ ወፍራሙ ግን ብሎኬቱን አልፎ ይሄዳል። አንተ ዘፈን ትሰማለህ፣ እሳቸው አልጋቸው ላይ ሆነው ዱም ዱም ብቻ ነው የሚሰሙት። ሰብዊፈሩን ከግድግዳው ጥግ አውጣው፣ ጥግ ላይ ሲሆን ይብሳል። ከእራት በኋላ ደግሞ የሰብዊፈሩን ማዞሪያ ዝቅ። ከሦስት ሰዓት ወዲያ ያው ሄድፎን ነው፣ እዚህ ላይ አልከራከርህም።

ግን ጆሮህን። ስፒከሩ የራሱ የድምፅ ማዞሪያ ስላለው ኮምፒውተሩን መቶ ላይ ትተኸዋል፣ አውቅሃለሁ። በዚያው ሄድፎን ስትሰካ ጆሮህ ላይ ይፈነዳል። መውጫዎቹ ሲለያዩ የየራሳቸውን መጠን ይይዛሉ፣ ሄድፎኑን አንዴ ዝቅ ካደረግከው እዚያው ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው የሚለው፣ ከዚያ በላይ ከፍ ባለ ቁጥር ሰዓቱ በጣም ያጥራል። አንተ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ስትቆራርጥ የምትውል ልጅ ነህ።

የሪልቴኩ ነገር አልሆን ካለህ አትታገለው። ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ ትንሽ የድምፅ ካርድ አለች፣ ጣት የምታክል፣ ራሷን ችላ ዝርዝሩ ላይ ትመጣለች፣ ስፒከሩን አትነካብህም። አንድ ከሱቅ ወስጄ ከቆጮው ጋር አድርጌ ልኬልሃለሁ። ዕቃውን የያዘው ሹፌር ነገ ከሰዓት መነኸሪያ ሲደርስ ይደውልልሃል፣ ስልክህን ዝም አታሰኘው። ሁለት ቀዳዳ አላት፣ ሄድፎኑ አረንጓዴው ላይ ነው፣ ሮዙ የማይክ ነው።

ለአከራይህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ ከቆጮውም አካፍላቸው።

እናትህ