ጠርሙሱን እንዳትከፍቺው

ሚጡዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአባትሽ ጉልበትም የደብረ ብርሃን ብርድ ሲቀንስ ተሻለው።

እህትሽ ትናንት ደውላ ሁሉንም ነገረችኝ። አትቆጪያት፣ ያወጣጣኋት እኔ ነኝ። ሆድሽ ደርቆ አምስት ቀንሽ ነው አሉ። ለደም ማነስ የሚሰጡሽን ኪኒን፣ አይረኑንም ራስሽ አቁመሻል። ይባስ ብሎ ጎረቤትሽ የጉሎ ዘይት በጠርሙስ ሰጥታሽ ቅዳሜ ልትጠጪው ነው። ያን ጠርሙስ እንዳትከፍቺው! ሰባት ወር የሞላት ሴት ጉሎ አትጠጣም። አንጀትን ሲያላውስ ማህፀንንም ይቀሰቅሳል፣ ምጥ ሊያመጣ ይችላል። ጉሎ ለምጣድ ነው፣ ለፀጉር ነው።

ሴትየዋ ክፉ አስባ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔንም ያጠጡኝ የሚወዱኝ ናቸው።

ከአንቺ በፊት አንድ እንደነበረ ታውቂያለሽ። እንዴት እንደሄደ ግን ነግሬሽ አላውቅም። በ1984 ነው፣ አምስት ወሬ ነበር። እንደ አንቺው ሆዴ ደርቆ፣ ተነፍቼ ሰነበትኩ። አያትሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ኮሶ ነው የያዘሽ፣ ሆድሽ ይታጠብልሽ» አለችኝ። ሌሊት ቀስቅሳ ሰጠችኝ። በባዶ ሆዴ፣ አፍንጫዬን ይዤ ጨለጥኩት። እስከ ቀትር ሆዴ ሲገለባበጥ ዋለ። ማታ ደም አየሁ።

ኮሶው ይሁን ወይስ ያለዚያም የማይቀር ነበር፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጤና ጣቢያ ሲስተሯ «ምን ጠጣሽ?» ስትለኝ «ውሃ» አልኳት። ዋሸኋት። ለአባትሽም አልነገርኩትም። አያትሽም አንስታው አታውቅም፣ ግን ከዚያ ወዲህ ኮሶ ቤታችን አልገባም። አንቺን የወለድኩ ቀን አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ፣ ሰው ሁሉ የደስታ መስሎት ነበር።

እና ጠርሙሱን እንዳትከፍቺው። ኮሶም፣ እንቆቆም፣ ሰናመኪም ቢሰጡሽ እጅሽን አትዘርጊ። ተልባም ቢሆን «ልጁን ያንሸራትተዋል» እያሉ እንዳይግቱሽ፣ መጀመሪያ ሐኪምሽን ጠይቂ።

ሆድ ድርቀት የብዙ እርጉዝ ጣጣ ነው፣ አትፈሪ። የአሁኗ ሲስተራችን እንዳስረዳችኝ፣ ፕሮጄስትሮን የሚሉት ሆርሞን ሲበዛ አንጀት ይሰንፋል፤ ማህፀንም እያደገ ይጫነዋል። አይረኑም ያደርቃል። ሰገራሽን የሚያጠቁረውም እሱ ነው፣ አትደንግጪ። ግን በራስሽ ታቆሚዋለሽ እንዴ? ደም አንሶሽ ልትወልጂ ነው? ነገውኑ ክትትልሽ ጋ ሄደሽ «አደረቀኝ» በያቸው፤ መጠኑን ወይም ዓይነቱን ሊቀይሩልሽ ይችላሉ። ከቡና ጋር ደግሞ አትዋጪው፣ ቡና ከሰውነትሽ እንዳይገባ ይከለክለዋል። በብርቱካን ዋጪው።

የቢሮሽ ሽንት ቤት ውሃ ስለሌለው ሆን ብለሽ አትጠጪም አሉኝ። ሲመጣብሽም እስከ ማታ ትይዢዋለሽ። ልጄ፣ በያዝሽው ቁጥር እኮ ይብስ ይደርቃል! ማንን አፍረሽ ነው? በቀን ከ8 እስከ 12 ብርጭቆ ጠጪ። ቁርስ እንደበላሽ አንጀት ይነቃል፣ ያኔ ሳትቸኩዪ ተቀመጪ። እግርሽን በርጩማ ላይ አሳርፊው፣ ጉልበት ከፍ ሲል ይቀላል። እኛ ሜዳ ስንወጣ ቁጢጥ ብለን ስለነበር በርጩማ አላስፈለገንም። በኃይል አትግፊ፣ ኪንታሮት ያመጣብሻል። ማታ ማታ ከባልሽ ጋር ወክ አድርጉ፣ ለእሱም ቦርጭ ጥሩ ነው።

ፉርኖና ፓስታውን ቀንሺ። ጎመን፣ ምስር፣ የበሰለ ፓፓያ ብዪ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ ምግብ ማስተካከሉ ካልረዳ የስንዴ ፉርሽካ ለእርጉዝ ይሆናል ብሏል አለችኝ ሲስተሯ። ፉርሽካ! ለላም ስንሰጠው የኖርነውን። ስትጀምሪው በጥቂቱ፣ ውሃም አብዝተሽ። ያም ካልሆነ ላክቱሎስ የሚባል ሽሮፕ አለ፤ እሱንም ሐኪም ሲያዝልሽ እንጂ ከፋርማሲ ዝም ብለሽ እንዳትገዢ።

ደም ካየሽ፣ ሆድሽ መጣ ሄደ እያለ ከቆረጠሽ፣ ወይም እያስመለሰሽ ሆድሽ ከተነፋ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂጂ። ምን ወሰድሽ ሲሉሽ እንደ እኔ አትዋሺ።

የአክስትሽ ልጅ ቅዳሜ ይመጣል። የገብስ ቂንጬ፣ በሶና ቆሎ ሰጥቼዋለሁ። ቂንጬው ላይ ቅቤ አታብዢ። ሲመለስ ጠርሙሱን እንደታሸገ ስጪው። ምጣዴን አስስበታለሁ።

እናትሽ