የእናቴን ስም ከቴሌግራም አንሱልኝ

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ
ጎንደር

የመሥሪያ ቤትዎን ስም እዚህ አልጠቅስም። ደብዳቤው ለእርስዎ መሆኑን ግን ያውቁታል። ማመልከቻዬ መዝገብ ቤት ገብቷል፤ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ በእጄ ነው። መጀመሪያ «ነገ ተመለሺ» ተባልኩ። ከዚያ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። በኋላ ጭራሽ ጆሮ ዳባ ልበስ አላችሁኝ። ስለዚህ አደባባይ ወጣሁ።

ጉዳዩን ላስታውስዎ። ቢሮዎ ለድጋፍ የተመዘገቡ ሰዎችን ዝርዝር በቴሌግራም ቻናሉ ለጠፈ። የኤክሴል ፋይል ነው። ስም ከነአያት፣ ቀበሌና የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር አለበት። በመጨረሻው ዓምድ ደግሞ ባለ 12 አኃዙ የፋይዳ ቁጥር ተደርድሯል። ቻናሉ ለማንም ክፍት ነው። የፈለገ ሁሉ ያወርደዋል።

እናቴ ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች። ሥራ ላይ እያለች ስልኳ ጠራ። «እማማ፣ ከቢሮ ነው የምንደውለው» አላት ሰውዬው። ስሟን እስከ አያቷ ጠራላት። የቤት ቁጥሯን ነገራት። የሒሳብ ቁጥሯን አንድ በአንድ አነበበላት። «ድጋፉ እንዲገባልዎት አሁን በስልክዎ የመጣውን ቁጥር ይንገሩኝ» አላት። ማንበብ ስለማትችል አጠገቧ ሽንኩርት ለምትሸጠው ልጅ ስልኩን ሰጥታ አስነበበችና ነገረችው። ለበርበሬ መግዣ ያጠራቀመችው ብር ወዲያው ከሒሳቧ ወጣ። ድጋፉ ደግሞ እስካሁን አልመጣም።

ቢሮዎ ስሄድ አንዱ ሠራተኛ «ሰው በቶሎ እንዲያየው ብለን ነው የለጠፍነው» አለኝ። ሌላው «ቁጥሩን የሰጠችው እናትሽ ራሷ ናት» አለ። ይህን የሰማሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አዎ፣ ቁጥሩን የነገረችው እሷ ናት። ግን ለምን አመነችው? የቤት ቁጥሯን ከእናንተ ሌላ ለማንም አልሰጠችም። ሰውዬው የእናንተን መዝገብ እያነበበላት ነበር። እሷ ያመነችው ሌባውን አይደለም፤ መንግሥትን ነው። ዛሬ ሰው ሲደውልላት አታነሳም። ቅስሟ ተሰብሯል።

ሕጉን አያውቁትም አልልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ ይዋል ይላል። የመረጃ ጥሰት ሲደርስ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አሳውቁ ይላል። አሳውቃችኋል? ማን እንደለጠፈው፣ ማን እንደፈቀደ የጠየቀ ሰው አለ? ስልክ ቁጥር ይቀየራል። ፋይዳ ግን ከዐሥሩ ጣቶቿ አሻራና ከዓይኗ ጋር የተያያዘ ነው። ያንን ምን አድርጋ ትቀይረዋለች?

አንድ ነገር ሆዴን ያቃጥለዋል። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ማንም ማመልከቻ አላስገባም፤ ስብሰባም አልተጠበቀም። ጎንደር ለወራት ያለ ዳታ ተቀመጠች። ተማሪው፣ ነጋዴው፣ ልጁ ውጭ አገር ያለ ወላጅ ሁሉ ተቆራረጠ። የመላ ክልሉን ኢንተርኔት መዝጋት የሚችል መንግሥት አንድ ፋይል ማጥፋት እንዴት ያቅተዋል? ደኅንነት ማለት የእኛም ደኅንነት ከሆነ ይህ ፋይል ገና በተለጠፈበት ቀን መነሳት ነበረበት። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ቻናሉን ከፈትኩት። አሁንም አለ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ፋይሉን ዛሬውኑ አጥፉት። ዝርዝሩ ውስጥ ላሉት ሰዎች በሙሉ አንድ በአንድ ደውላችሁ መረጃቸው እንደወጣ ንገሯቸው፤ ብዙዎቹ እንደ እናቴ ማንበብ የማይችሉ ናቸውና በጽሑፍ መልእክት ብቻ አትለፉት። ለባለሥልጣኑ ሪፖርት አድርጉ። ለማመልከቻዬም በቁጥርና በፊርማ መልስ ስጡኝ፤ ለፖሊስ የማቀርበው እሱን ነው።