ኒው ዌቭ ያደረገው ሲንተሳይዘሩ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በሙዚቃ ገጻችሁ ስለ አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ሊንዳ ሮንስታት «ማድ ላቭ» አልበም የወጣው ጽሑፍ ዘፋኟ የዘመኑን ፋሽን፣ ኒው ዌቭ (አዲስ ሞገድ) የተባለውን ፈጣን የሮክ ስልት፣ ተከትላ ሥራዋን በሲንተሳይዘር (በኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ) እንዳሸበረቀችው ይናገራል። ቀጥሎም የእኛ አገር አቀናባሪዎች ተመሳሳይ ድምፅ ይፈልጉ ዘንድ ኪቦርድ እንዲያበዙ ይመክራል። ምክሩ ከቅን ልብ የመጣ ቢሆንም ውሃ አይቋጥርም። አልበሙን ከፍቶ ለሚያዳምጥ ሰው ፊት ለፊት የሚመጣው ጊታር ነው። የሊትል ፊት ባንዱ ቢል ፔይን የተጫወተው ኪቦርድ ከኋላ ሆኖ ክፍተት ይሞላል እንጂ መሪ አይደለም።

አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1980 በአሳይለም ኩባንያ ነው። ፕሮዲውሰሩ ፒተር አሸር ሲሆን በ1974 የወጣውን «ኸርት ላይክ ኤ ዊል» የተባለ አልበሟንም የሠራው እሱ ነው። ስለዚህ ፕሮዲውሰር ተለውጦ አይደለም ድምፁ የተለወጠው። የተለወጠው ዘፈኖቹ የተቀዱበት ምንጭ ነው። ከአሥሩ ዘፈኖች ሦስቱ የማርክ ጎልደንበርግ፣ ሦስቱ የእንግሊዛዊው ዘፋኝ የኤልቪስ ኮስቴሎ፣ አንዱ የቢሊ ስታይንበርግ ናቸው፤ የቀሩት ሦስቱ የሌሎች ደራሲዎች ናቸው። ጎልደንበርግ ክሪቶንስ የተባለው የሎስ አንጀለስ ባንድ አባል ነበር። ግጥምና ዜማውን ሰጥቶ አልሄደም፤ በቀረጻው ላይ ጊታሩን ይዞ ተቀምጧል። የደራሲው እጅ ራሱ ክሩን ሲመታ ሙዚቃው ላይ ላዩን የተቀባ ቀለም አይሆንም።

አሁን ወደ አሠራሩ። በዚህ ዓይነት ሙዚቃ ሪትም ጊታሩ እያንዳንዱን ምት እኩል ለሁለት ከፍሎ፣ ሁሉንም ከላይ ወደ ታች ብቻ ይመታል። በደቂቃ 150 ምት በሚሄድ ዘፈን ይህ ማለት ክሩን በሰከንድ 5 ጊዜ መምታት ነው። ከአንድ ደቂቃ በኋላ እጅ ይዝላል፤ የዛለ ጊታሪስት ደግሞ ሳያውቀው አንዱን ወደ ታች፣ አንዱን ወደ ላይ ማድረግ ይጀምራል። ያን ጊዜ ወደ ላይ የሚመታው ቀጠን ብሎ ይሰማና ሙዚቃው መጋለቡን ትቶ መወዛወዝ ይጀምራል። መፍትሔው ኪቦርድ መጨመር አይደለም፤ ክንድን ትቶ ከእጅ አንጓ መምታትና ዘፈኑን ማሳጠር ነው። ከአልበሙ የወጣው የስታይንበርግ «ሃው ዱ አይ ሜክ ዩ» ከ2 ደቂቃ ተኩል አለመብለጡ ያለ ምክንያት አይደለም።

ሌላው ኢኮ ነው። የእኛ ስቱዲዮዎች ድምፅ ላይ ኢኮ ማፍሰስ ይወዳሉ (ለዝግተኛ ዘፈን ያምራል፣ አልክድም)። በ150 ፍጥነት ግን አንድ ምት የሚቆየው 0.4 ሰከንድ ነው። አንድ ሰከንድ ተኩል የሚጎተት ኢኮ ከጨመራችሁ የመጀመሪያው ድምፅ ሳይጠፋ ሦስት ሌሎች ምቶች ይደረቡበታል። ከዚያ ቃሉም አይለይ፣ ድራሙም አይለይ።

ቅኝትም መታሰብ አለበት። በዚህ ስልት ጊታሩ ሙሉ ኮርድ ትቶ መነሻ ድምፁንና አምስተኛውን (ከመነሻው በሰባት ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለውን) ብቻ ይይዛል፤ በመካከላቸው ያለው ሦስተኛው ድምፅ ከተጨመረ በሻከረ አምፕሊፋየር ይደፈርሳል። በትዝታ ሜጀር ይህን ብታደርጉ ከአምስቱ ድምፆች በአራቱ ላይ አምስተኛው እዚያው ቅኝቱ ውስጥ ይገኛል። በአንቺ ሆዬ ግን በሁለቱ ላይ ብቻ ነው የሚገኘው፤ በቀሩት ሦስቱ ላይ ጊታሩ ከቅኝት ይወጣና ዘፋኟን ያስታል። ችክችካንም አታስገድዱት። ችክችካ ምቱን ለሦስት ይከፍላል፣ ይህ ደግሞ ለሁለት፤ ድራመሩና ጊታሪስቱ ገመድ ጉተታ ይገባሉ።

ጽሑፉ «ድምፅዋ ከሁሉም ዘፈን ጋር ሰምሯል» ያለውንም አልስማማበትም። ሮንስታት የለመደችው በለሆሳስ ጀምራ አዝማቹ ላይ ድምፅዋን መልቀቅ ነው። እነዚህ አጫጭር ዘፈኖች ያን ያህል መንደርደሪያ አይሰጧትም። በስታይንበርግ ዘፈን ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ ከላይ ስለምትገባ ችግር የለም። የኮስቴሎ ግጥሞች ግን በቃላት የታጨቁና ሽሙጥ ያዘሉ ናቸው። እሱ ቃሉን ነክሶ ይተፋዋል፤ እሷ አናባቢውን ይዛ ታቆየዋለች፣ ሽሙጡም በውበት ይታጠባል። «ገርልስ ቶክ» ላይ ይህ ጎልቶ ይሰማል። «ፓርቲ ገርል» ዘገም ስለሚል አድኗታል፤ ለእኔ ከሦስቱ የተሳካው እሱ ብቻ ነው።

አዲስ ሞገድ በተባለው አልበም ከፍ ያለውን ደረጃ ያገኘው ደግሞ የ1965 ዘፈን መሆኑ አስቂኝ ነው። «ኸርት ሶ ባድ» በቢልቦርድ የነጠላ ዘፈኖች ሰንጠረዥ 8ኛ፣ «ሃው ዱ አይ ሜክ ዩ» 10ኛ ሆነዋል። አልበሙ ራሱ በገባበት ሳምንት 5ኛ ሆኖ ጀምሮ 3ኛ ደርሷል። «ኸርት ሶ ባድ» ላይ ዳኒ ኮርችማር የተጫወተውን የጊታር ሶሎ አድምጡት፤ ማስዋብ የለበትም፣ ሻካራ ነው፣ ሳይሰለች ይወጣል።

በመጨረሻ ጽሑፉ «ሸክላው የድምፅ ጥራት ይጎድለዋል» ብሏል። አልበሙ አጭር ስለሆነ በአንዱ ገጽ ላይ የሚያርፈው ሩብ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ገጹ ከ20 ደቂቃ በላይ ሲሆን መስመሮቹ እንዲበቁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መቁረጥ ግድ ይሆናል፤ እዚህ ግን ሰፊ ቦታ አለ። የተባለው ጉድለት ምናልባት ከማጫወቻው ይሆናል። በደቂቃ 33 ከአንድ ሦስተኛ ዙር በሚሽከረከር ሸክላ መስመሩ በመርፌው ሥር በውጭው ጠርዝ በሰከንድ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲያልፍ፣ ወደ መሃል ሲጠጋ ወደ 20 ይወርዳል። «ኸርት ሶ ባድ» ደግሞ የመጀመሪያው ገጽ ማብቂያ ላይ፣ ድምፅዋ ከፍ በሚልበት ዘፈን፣ እዚያው ጠባቡ ቦታ ላይ ነው ያለው። የመጀመሪያው ዘፈን ጥርት ብሎ በመጨረሻው ላይ «ስ» እንደ አሸዋ ከተንሿሿ የመርፌው አቀማመጥ ተዛብቶ ሊሆን ይችላል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ከተንሿሿ መርፌው ወይም ሸክላው አልቋል። ሸክላው እንዳይጎዳ ብለው መርፌውን የያዘውን የማጫወቻ ክንድ ክብደት የሚያቀሉም አሉ። የቀለለ መርፌ መስመሩ ውስጥ እየዘለለ ይበልጥ ይቧጭረዋል፤ የመርፌው ፋብሪካ 2 ግራም ካለ፣ 2 ግራም ይሁን።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ