የኢንተርኔት ላይን ከማሳደጋችሁ በፊት ወረፋውን እዩት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት አንድ አንባቢ የድሬዳዋ መሥሪያ ቤቶች ከኢንተርኔት መቆራረጥ የሚገላገሉት ከፍ ያለ ፍጥነት ሲገዙ ብቻ ነው ብለው ጽፈው ነበር። እኔ ሳቢያን በሚገኝ አንድ ክሊኒክ ኔትወርክ እከታተላለሁ። እኛም መጀመሪያ ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ ክፍያው ጨመረ፣ ችግሩ ግን ባለበት ቀጠለ።

ሐኪማችን ማክሰኞ ከሰዓት አዲስ አበባ ካሉ የልብ ስፔሻሊስት ጋር በቪዲዮ ይመካከራሉ። አንድ ማክሰኞ ከመልካ ጀብዱ የመጡ እናት ፊት ለፊት ተቀምጠው ሳለ ወደ ስፔሻሊስቱ የሚሄደው ምስላችን ቀጥ አለ፣ ድምፃችንም ተቆራረጠ። ሐኪማችን የመድኃኒቱን መጠን ሦስት ጊዜ ደገሙት፤ ለስፔሻሊስቱ አልተሰማም። እናትየው ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ምን አሉ?» ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ።

ወዲያው ፒንግ፣ ማለትም አንድ መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ፣ ስለካ ከ40 ሚሊ ሰከንድ ወደ 1,300 አሻቅቧል። ለካስ የጥበቃ ካሜራዎቹ የቀረጹትን ወደ ክላውድ የሚጭኑት በዚያው ሰዓት ነበር፤ ያለንን በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት አፕሎድ (ወደ ውጭ የመላኪያ አቅም) ብቻቸውን ይዘውታል። እንዲህ ያለ ጭነት ያገኘውን ያህል ስለሚወስድ 8 ብንገዛም 8ቱን ይሞላዋል።

የስልክ ድምፅ ከ100 ኪሎ ቢት ያነሰ ይበቃዋል። የማይችለው መጠበቅን ነው፤ የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክር የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል የሚል ነው። እኛ ጋ ግን የሐኪማችን ድምፅ ሞደሙ ውስጥ ከካሜራው ፓኬቶች (የዳታ ቁርጥራጮች) ኋላ ተሰልፎ ይጠብቅ ነበር።

መጀመሪያ ካሜራዎቹ በሚጭኑበት ፍጥነት ላይ ጣሪያ አበጀሁ፤ ከልኩ ያለፈው ፓኬት እየተጣለ ፍጥነቱ ሲወርድና ሲወጣ ዋለ። ቀጥሎ ፓኬቱን ከመጣል ይልቅ አቆይቶ በልክ የሚለቀውን ሼፒንግ ሞከርኩ። ጠቅላላ አፕሎዱን 3.6 ሜጋ ቢት ላይ ገደብኩት። ከላይኑ አቅም በጥቂቱ ማነሱ ዋናው ነገር ነው፤ ወረፋው ሞደሙ ውስጥ መሆኑ ቀርቶ እኔ በማዝዘው ራውተር ላይ ይሆናል። ከዚያ ለቪዲዮ ምክክሩ እስከ 1.5 ሜጋ ቢት ቅድሚያ ሰጠሁ፣ ካሜራዎቹ ከተረፈው ይውሰዱ አልኩ። ፒንጉ ካሜራዎቹ እየጫኑም ከ60 አላለፈም። አዲስ ዕቃ አልገዛንም፤ ራውተሩ የቆየው ራሱ ነው።

ይህ ሁሉን ይፈታል አልልም። ከግቢያችን ውጭ ያለው መስመር ሲጨናነቅ የእኔ ቅድሚያ እዚያ አይሠራም። ዳውንሎድም (ከውጭ ወደ እኛ የሚገባው) ቢሆን ላኪው ራሱ ፍጥነቱን እንዲቀንስ በተዘዋዋሪ በመገፋፋት እንጂ በቀጥታ አይታዘዝም። ነገር ግን ላይን የሚያሳድጉም ሆኑ የሠራተኛውን ቴሌግራም የሚዘጉ ኃላፊዎች መጀመሪያ መስመሩ በስንት ሰዓት፣ በማን እንደሚሞላ ያስመርምሩ።

ከዚራም ሆነ መጋላ ይህን የሚያይለት ባለሙያ ያጣ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ካለ አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ያለ ክፍያ መጥቼ አያለሁ።

የኔትወርክ ባለሙያ፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ