ለአንድ መኪና ሁለት ሸራ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ ደህና ነው? ዓመት ሙሉ ጠፍቼብህ ብቅ ስል ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ ስድቡን ስትደውል ትጨርሰዋለህ። ካሣ ይሁንልኝና ያኔ ጠይቀኸኝ ሳልመልስልህ የቀረሁትን ልጻፍልህ፦ በአዘቦት ከሲልቨር ስፕሪንግ ሥራ የምትመላለስባት ሱባሩ ቢአርዜድ መኪናህን ዌስት ቨርጂኒያ ሰሚት ፖይንት የመኪና ውድድር ትራክ ላይ እንድትነዳ የትኛው የፍሬን ሸራ ይሻላታል?

ሁለቱንም የሚችል አንድ ሸራ አትፈልግ፣ ሁለት ግዛ። ጉዳዩ የሙቀት ነው። ከ120 ማይል ፍጥነት ለመቆም ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት ከ60 ማይል አራት እጥፍ ነው። ትራኩ ላይ ረጅሙ ቀጥታ መንገድ አልቆ አንደኛው ኩርባ ላይ በየዙሩ ስትረግጥ ዲስኩ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። የመንገዱ ሸራ እዚያ ሲደርስ ማጣበቂያው እየተቃጠለ ጋዝ ይተፋል፣ መያዝም ይተዋል። የትራኩ ሸራ ደግሞ በብርድ ጠዋት የመጀመሪያው መብራት ላይ ስትረግጠው ሙት ነው። በዚያ ላይ ይጮኻል፣ ዲስክ ይበላል፣ ብናኙም ውሃ ሲነካው ዝጎ ቸርኬው ላይ ይጋገራል።

ሸራው ጠርዝ ላይ ያሉት ሁለት ፊደላት እንዳያታልሉህ። «ኤፍ» ማለት የሰበቃ መጠኑ ከ0.35 እስከ 0.45፣ «ጂ» ከ0.45 እስከ 0.55 ነው፤ ፊደሉ የሚሰጥበት ፈተና ግን ወደ 345 ዲግሪ ገደማ ላይ ያበቃል። ስለ ትራክ ምንም አይነግርህም። አንድ ብቻ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካልክ ለጀማሪ የትራክ ቀናት ፌሮዶ ዲኤስ2500 ወይም ሆክ ኤችፒ ፕላስ የሚባለው ሸራ ይበቃሃል፤ ጩኸቱን ቻለው።

ከሸራው በፊት ግን የፍሬን ዘይቱን ቀይር። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ደረቅ መፍያው (እርጥበት ሳይጠጣ የሚፈላበት ሙቀት) ከ300 በላይ የሆነ የውድድር ዘይት አስገባ፣ አየሩን በደንብ አስወጣ። ሜዳ ላይ ሁለቱን ችግር እንዳታምታታ፦ ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናዋ አልቆም ካለች ሸራው ነው፤ ፔዳሉ ስፖንጅ ሆኖ ወደ ታች ከሰመጠ ዘይቱ ፈልቷል።

ሸራውን እዚያው ደርሰህ ለውጥ። በክሪክ ብቻ አትመን፣ መደገፊያ አስገባበት። ሸራውን የሚገፉትን የፍሬን ፒስተኖች ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ስትገፋ የዘይት ማጠራቀሚያው እንዳይሞላና እንዳይፈስ ተመልከት፤ ዘይቱ ቀለም ይልጣል። ስትጨርስ ሳትንቀሳቀስ ፔዳሉን ደጋግመህ ርገጥ። ይህን የዘለለ ሰው የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ፔዳሉን ወለል ላይ ያገኘዋል። የፊቱን ብቻ ኃይለኛ አድርገህ የኋላውን እንደነበረ ከተውከው ሥራው ሁሉ ፊት ላይ ይወድቃል፣ ስለዚህ አራቱንም ለውጥ።

አዲስ ሸራ መሟሸት አለበት። ከ60 ወደ 10 ማይል ስምንትና ዘጠኝ ጊዜ ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ፈጽሞ ሳትቆም፤ ከዚያ ፍሬን ሳትነካ ጥቂት ደቂቃ ነድተህ አብርደው። ዲስኩ ላይ ስስ የሸራ ሽፋን የሚቀረው እንዲህ ነው። ሁለቱ ሸራዎች የሚተዉት ሽፋን ላይስማማ ስለሚችል በለወጥክ ቁጥር ማሟሸቱን ድገም። ዙሩን ጨርሰህ ስትገባም ፔዳሉን ረግጠህ አትቁም፤ የጋለው ሸራ ዲስኩ ላይ ታትሞ ይቀርና መሪው ሲንቀጠቀጥ «ዲስኩ ተጣሟል» ብለው ያስከፍሉሃል። አብዛኛውን ጊዜ የተጣመመ ነገር የለም።

የትራኩ ሸራ ግማሽ ሲደርስ ጣለው። ሲሳሳ ሙቀቱን በቀጥታ ወደ ፒስተኑና ወደ ዘይቱ ያሳልፋል።

ስትጽፍልኝ የዲስኮቹን ውፍረት ለክተህ ላክልኝ፤ የሚፈቀደው ዝቅተኛው ልክ ራሱ ዲስኩ ላይ ተቀርጿል።

ናፋቂ ወንድምህ