ለእህቴ፦ እማዬ ኢንሱሊን ተወግታ ጦሟን አትዋል

እህትዓለም፣

እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ደኅና ነኝ፣ ሥራውም ደኅና ነው፤ ስለ እኔ አታስቡ። ዛሬ የላክሁት ገንዘብ የስኳር መለኪያ መግዣ ነው። እማዬ እንደ ልማዷ «ለድግሱ ይሁን» ብላ ጌሾና ብቅል እንዳትገዛበት፤ የድግሱን ለብቻው እልካለሁ።

እማዬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መውደቋን ከሰማሁ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ እዚያው ነው። እንዳልሽኝ ከሆነ ቅዳሴው ሳያልቅ፣ 8 ሰዓት ገደማ፣ ላብ አጥምቋት፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ ንግግሯ አልያያዝ ብሎ ወደቀች። ሰው ሁሉ «እርጅና ነው» አለ። እዚህ የምውለው ከአረጋውያን ጋር ነውና ምልክቱን አውቀዋለሁ፤ ስኳሯ ወርዶ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት የምትወጋው ነጩ ኢንሱሊን፣ ኤንፒኤች የሚሉት፣ ጉልበቱ የሚበረታው በአብዛኛው ከ5 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። እሷ ደግሞ በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ አትቀምስም። በዚያ ላይ ዕድሜ ሲገፋ ኩላሊት ይደክማል፣ ኢንሱሊኑም ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ለዓመታት የለመደችው መጠን ራሱ ሊበዛባት ይችላል።

መለኪያው 3.1 ሲል «ተበላሽቷል» አላችሁት እንጂ አልተበላሸም። የአጎታችን ልጅ ከስዊድን ያመጣችው ስለሆነ አቆጣጠሩ ሌላ ነው፤ በ18 ስታባዢው 56 ይሆናል። በእናንተ አቆጣጠር ከ70 በታች ወርዷል ማለት ነው። አዲሱን ስትገዢ መጀመሪያ ስትሪፑ፣ ደሙ የሚነካበት በየልኬቱ የሚቀየረው ቁራጭ፣ እዚያው ደብረ ብርሃን ፋርማሲዎች መኖሩን ጠይቂ፣ ማሽኑን ከዚያ በኋላ ግዢ። ከዚህ ያልላክሁት ለዚህ ነው፤ ስስት እንዳይመስልሽ። ማሽን ይላካል፣ ስትሪፑ ያልቃል፣ ማሽኑ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ሲጠጣ ይኖራል። ከመለካቷ በፊት እጇን በሳሙና ታጥባ ታድርቅ፤ ሙዝ ወይም ስኳር የነካ ጣት የሌለ ቁጥር ያወጣል። የሚወጋውም የጣቷ ጎን ይሁን፣ መሐሉ ያማል።

ሲወርድባት 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠሽ አጠጫት። 15 ደቂቃ ጠብቀሽ ለኪ፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ድገሚው። ከፍ ካለ በኋላ ዳቦ ወይም እንጀራ ትብላ፣ አለዚያ ተመልሶ ይወርዳል። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም እንዳትጨምሩ፤ ያንቃታል። በጎኗ አስተኝታችሁ ቶሎ ወደ ሆስፒታል። ጠበሉም ይረጭባት፣ አልከለክልም፤ ብቻ መኪናው ጎን ለጎን ይጠራ። ነጠላዋ ጫፍ ላይም ስኳር ቋጥሪላት፣ ከቤት ስትወጣ አይለያት።

«ጾሜን አትንኩብኝ» እንደምትል አውቃለሁ። እኔ በስልክ ብነግራት «ፈረንጅ አገር ሄደሽ ሃይማኖትሽን ረሳሽ» ትለኛለች፤ ያ ቃል ደግሞ ውስጤ ይቀራል። ስለዚህ የነፍስ አባቷን አናግሪልኝ። ለታመመ ሰው ጾም እንደሚቀልለት ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ፤ «ሥጋና ወተቱ ይቆይ፣ ሰዓቱን ግን ተይው» ቢሏት ትሰማቸዋለች። ሽሮም ምስርም እኮ በጠዋት ይበላል። ከዚያ ሐኪሟ ዘንድ ሂዱና እስከ ስንት ሰዓት እንደምትጾምና ያን 56 ንገሩት፤ መጠኑን እሱ ያስተካክል። በራሳችሁ አትቀንሱ። ፈርታችሁ ጭራሽ ብታቋርጡትም ስኳሩ ሽቅብ ወጥቶ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ጠርሙሱንም ተከታተዪ። ባለ 10 ሚሊ ሊትሩ 1000 ዩኒት ይይዛል። ጠዋት 24፣ ማታ 12 ስትወጋ በቀን 36 ነውና 27 ቀን ይበቃታል። ሁለት ወር ከቆየ እየዘለለች ነው፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ካለቀ ዓይኗ የስሪንጁን መስመር እየሳተው ነው። ስለዚህ መቅዳቱን አንቺ ያዢው። ከመቅዳትሽ በፊት በሁለት መዳፍሽ መካከል 10 ጊዜ ያህል አንከባልዪው፣ አትናጪው። የሚወጋውን ቦታ በየቀኑ ቀያይሪላት፤ አንድ ቦታ ሲደጋገም ሥጋው ይደድርና መድኃኒቱ በወጉ አይሰርግም።

እግሯን ወደ ከሰሉ ዘርግታ ቡና ስትጠጣ ይታየኛል። እዚህ ቡናውም፣ ከሰሉም፣ እጣኑም ይገኛል፤ የእሷ ቤት ሽታ ግን አልመጣልኝ ብሎ ቀረ። ብቻ እግሯ መደንዘዝ ከጀመረ ቃጠሎ አይሰማትምና ምድጃውን አርቂላት፣ ወፍራም ካልሲ አድርጊላት። ማታ ማታ ጣቶቿ መካከል ሳይቀር እይ፤ ቁስል ካለ በማግስቱ ሐኪም ይየው።

«እማዬ እስክትድን ሠርጉን ላራዝመው» ያልሽውን ተይው። ስኳር ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ነው፤ እሱን ስትጠብቂ ልታረጂ ነው? ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባላችሁት ቀን አድርጉት። የዚያን ዕለት ዕድምተኛው ሳይቀመጥ በፊት ለእሷ ምሳ ይቅረብ፤ ሙሽሮቹ እስኪመጡ ብላ በባዶ ሆዷ እንዳትቆም። አዲስ ጫማ ከገዛችሁላት ካሁኑ በቀን ለአንድ ሰዓት ያህል እያደረገች ታላምደው፣ እግሯን እንዳይልጣት። እኔ አልደርስም፤ ወረቀቱ ገና ነው፣ ሲሆን እነግርሻለሁ፣ አትጠይቂኝ። ስትመርቅሽ ግን አንድ ሰው ስልኩን ወደ አፏ ጠጋ አድርጎ ይያዝልኝ።

ይህን ደብዳቤ ለእሷ አታንብቢላት፤ «ሰላም ብላሻለች» በያት። የነፍስ አባቷ ያሉትን በዚህ ሳምንት ጻፊልኝ።

እህትሽ