ስለ አባትዎ 1 ዶላር ከ75 ሳንቲም፦ ለቨርጂኒያ ምክትል አገረ ገዥ ግልጽ ደብዳቤ

ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለክብርት ዊንሰም ኧርል-ሲርስ
ሪችመንድ

ክብርት ሆይ፣

አባትዎ በ1963 (ከቀኑ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከጃማይካ ወደ አሜሪካ ሲመጡ ኪሳቸው ውስጥ የነበረው 1 ዶላር ከ75 ሳንቲም ብቻ እንደነበር በየመድረኩ ይናገራሉ። መጀመሪያ ስሰማው እንባዬ መጣ። እኔም ከአዲስ አበባ ስመጣ ሻንጣዬን የሞላው እናቴ የቋጠረችልኝ በርበሬና ሽሮ ነበር። ዛሬ፣ ለአገረ ገዥነት በሚወዳደሩበት ወቅት፣ የምጽፍልዎት ስለዚያ ታሪክ ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው። በ2021 ድምፄን ለእርስዎና ለአገረ ገዥነት ለተወዳደሩት ሪፐብሊካን ለግሌን ያንግኪን ሰጥቻለሁ። ያን ጊዜ ኢትዮጵያ ጦርነት ላይ ነበረች። ማኅበረሰባችን ስለ ጦርነቱ አንድ ሐሳብ አልነበረውም። ብዙዎቻችን ግን በባይደን አስተዳደር አዝነን ነበር። ድምፅ በሰጠንበት በዚያው ቀን፣ ኖቬምበር 2፣ ዋይት ሐውስ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ የአፍሪካ ሸቀጦች ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገቡበት የንግድ ዕድል፣ ሊያስወጣ መሆኑን አሳወቀ። ዕድሜ ልኩን ዴሞክራት የመረጠ ሰው ሳይቀር ያን ዓመት ሪፐብሊካን መርጧል። ያንግኪን ያሸነፉት በ2 በመቶ ገደማ ነው፤ የእርስዎ ልዩነት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነበር። በእንዲህ ዓይነት ምርጫ የኛ ድምፅ ቀላል አልነበረም።

የመረጥኩዎት ግን በንዴት ብቻ አይደለም። ጉዞዎ ይገርመኛል። በ6 ዓመትዎ መጥተው፣ አድገው የአሜሪካ ጦር አባል፣ ማሪን፣ ሆኑ። በ2001 ኖርፎክ ውስጥ፣ ጥቁሮች በሚበዙበት ወረዳ፣ ለ20 ዓመት ያህል ወንበሩን የያዙ ዴሞክራት አሸንፈው የቨርጂኒያ ተወካዮች ምክር ቤት ገቡ። ያውም ሪፐብሊካን ሆነው! የቆዩት አንድ ዙር ብቻ ነው። በ2004 ለኮንግረስ ተወዳድረው በዴሞክራቱ በቦቢ ስኮት ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ ፖለቲካው ብዙም አላስታወሰዎትም። ዊንቸስተር ላይ የቧንቧ፣ የኤሌክትሪክና የቤት ዕቃ ጥገና ሥራ ያዙ። እጅን አቆሽሾ መሥራት ምን እንደሆነ ያውቃሉ። በ2021 ሲመለሱ ደግሞ በመላው ቨርጂኒያ ድምፅ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆኑ።

ወግ አጥባቂ ነኝ ሲሉም ብዙዎቻችን እንረዳዎታለን። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚያድር፣ ልጁን አንገቱን ደፍቶ የሚያሳድግ፣ ያለውን ሁሉ አሟጦ ትንሽ ሱቅ የሚከፍት ሕዝብ ነን።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ።

አንዲት ጓደኛ አለችኝ። አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄደች ትንከባከባለች። አሜሪካኖች እናታቸውን አምነው ትተውላት ሥራ ይሄዳሉ። የምትኖረው ከአገር ከመባረር በሚጠብቅ ጊዜያዊ ከለላ፣ እኛ ቲፒኤስ በምንለው ነው። ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው በ2022 መጨረሻ ሲሆን የሚያበቃው በመጪው ዲሴምበር 12 ነው። በዚህ ዓመት የአፍጋኒስታንና የካሜሩን ዜጎች ከለላ ሲነሳ አይታለች። የኛ ቁርጡ አልታወቀም። ጓደኛዬ እንቅልፍ የላትም። ቤት ኪራይ ውሏን ታድስ? ወይስ ዕቃዋን ትሸጥ? እኔን ትጠይቀኛለች፤ ምን ብዬ እንደምመልስላት ግራ ገብቶኛል።

ቲፒኤስን የሚወስነው ዋሽንግተን ያለው የፌዴራል መንግሥት እንጂ የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ሪችመንድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የስቴቱን ፖሊስ የሚያዘው ግን አገረ ገዥው ነው። ያንግኪን በፌብሩዋሪ በትዕዛዝ ቁጥር 47 የስቴቱ ፖሊስ ከኢሚግሬሽን ጋር እንዲሠራ አድርገዋል። ዓላማው አደገኛ ወንጀለኞችን መያዝ ነው ተብሏል። ወንጀለኛ ይያዝ፣ እኔም እስማማለሁ። ከለላዋ በአንድ ሌሊት የሚያበቃባት፣ ምንም ያላጠፋች አስታማሚ ግን ከማን ጋር ትቆጠር? እርስዎ አገረ ገዥ ቢሆኑ ፖሊስዎ በመንገድ ላይ ቢያስቆማት ምን ያደርጋታል? ይህን በግልጽ ይንገሩን።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ድምፅዎን እንዲያሰሙ ነው። በ2022 ዶናልድ ትራምፕን ዳግም መደገፍ እንደማይችሉ በቴሌቪዥን ቀርበው ተናግረዋል። ብዙ የፓርቲዎ ሰው አልወደደልዎትም። እኔ ግን ያን ቀን አከበርኩዎት፤ ለወገን ያላደላ ቃል ነበርና። ያንኑ ድፍረት አሁን እፈልገዋለሁ። ለአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤ ይጻፉ። እነዚህ ሰዎች የቨርጂኒያን አረጋውያን እያጠቡ፣ የሆቴሎቿን አልጋ እያነጠፉ፣ ግብር እየከፈሉ እንደሚኖሩ ይንገሩልን። የአንድ ስቴት ምክትል አገረ ገዥ፣ ያውም ስደተኛ ሆና ያደገች ሪፐብሊካን፣ ስትጽፍ የሚያነብ ሰው አይጠፋም።

ተፎካካሪዎን፣ ዴሞክራቷን ወይዘሮ አቢጌል ስፓንበርገርንም ይህንኑ እጠይቃለሁ። እርስዎን ያስቀደምኩት ከዚህ በፊት ድምፄን ስለሰጠሁዎት ነው።

ዘንድሮ ገና አልመረጥኩም። ቅድሚያ ድምፅ የሚሰጥበት ጊዜ ኖቬምበር 1 ያበቃል፤ ዋናው ምርጫ ኖቬምበር 4 ነው። እስከዚያ መልስዎን እጠብቃለሁ። ጓደኛዬም ትጠብቃለች።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአሌክሳንድሪያ መራጭ